ኩባንያችን ለፖለቲካ የሚያወጣውን ገንዘብ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

የቨርጂኒያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ኩባንያ ከደመወዜ እየቆረጠ የራሱን አክሲዮን ይገዛልኛል። ሰሞኑን ደግሞ "ለፓካችን አዋጡ" የሚል ኢሜይል መጣልን፤ ፓክ ከሠራተኞች መዋጮ ሰብስቦ ለፖለቲካ ዕጩዎች የሚሰጥ ፈንድ ነው። ገብቼ ሳየው ለየትኛው ዕጩ ስንት እንደተሰጠ ተዘርዝሯል፣ ግን ትንሽ ብር ነው። ይሄ ግዙፍ ኩባንያ ዋሽንግተን ላይ ያለው አቅም በዚህች ብር የመጣ አይመስለኝም። የቀረው በየት ነው የሚያልፈው? ባለአክሲዮን ሆኜ የማወቅ መብት የለኝም?

ዲሲ፦
እህቴ፣ ያየሽው ለመታየት የተሠራውን ክፍል ነው። ኩባንያ ከራሱ ካዝና አውጥቶ ለፌዴራል ዕጩ እንዳይሰጥ ከ1907 ጀምሮ ተከልክሏል። ለዛ ነው ከእናንተ የሚለምነው። ፓኩ ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ ከ5,000 ዶላር በላይ መስጠት አይችልም፣ ያም ለምርጫ ኮሚሽኑ ይመዘገባል። የሎቢ፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችንና ባለሥልጣናትን የማግባባት ወጪም በየሦስት ወሩ ሪፖርት ስለሚደረግ ኢንተርኔት ላይ ታገኚዋለሽ። ትልቁ በር የተከፈተው በ2010 ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሲቲዝንስ ዩናይትድ ጉዳይ፣ ኩባንያዎች ከዕጩው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ለምርጫ ቅስቀሳ የፈለጉትን ያህል ማውጣት ይችላሉ ብሎ ወሰነ። ለሱፐር ፓክ፣ ማለትም ለዕጩ በቀጥታ ሳይሰጥ ለቅስቀሳ ያለገደብ ለሚያወጣ ቡድን፣ ከሰጡ ስማቸው ይወጣል። በንግድ ማኅበር ወይም ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት በኩል ካሳለፉት ግን ድርጅቱ በአብዛኛው ማን እንደሰጠው የመናገር ግዴታ የለበትም።

የኦሃዮው፦
ዲሲ ያልከው በር እኛን አቃጥሎናል። የመብራት ኩባንያው ፈርስትኢነርጂና አጋሮቹ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጄኔሬሽን ናው በሚባል ድርጅት በኩል ለላሪ ሃውስሆልደር ቡድን አሳለፉ። ሰውዬው የግዛታችን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነ፣ በ2019 ሁለት የኒውክሌር ጣቢያዎችን ለመደጎም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከእኛ ከመብራት ከፋዮች የሚሰበስብ ሕግ አስወጣ። ሕዝቡ ሕጉን በድምፅ ለመሻር ፊርማ ማሰባሰብ ሲጀምር እሱንም በዚሁ ገንዘብ አከሸፉት! በቴሌቪዥን ማስታወቂያው ሲጎርፍብን ከኋላው ማን እንዳለ አናውቅም ነበር። በ2020 ኤፍቢአይ ባይዛቸው ዛሬም አናውቅም። ኩባንያው 230 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍል ተስማማ፣ ሃውስሆልደር በ2023 የ20 ዓመት እስር ተፈረደበት። በጣም ያናድዳል።

የኤልኤ ሾፌር፦
በግልጽ ቢሆንስ? እዚህ ካሊፎርኒያ በ2020 ኡበር፣ ሊፍት፣ ዶርዳሽና መሰሎቻቸው ሾፌሮችን እንደ ቅጥር ሠራተኛ እንዳይቆጥሩ ፕሮፖዚሽን 22 የሚባለውን ለሕዝብ ድምፅ የቀረበ ሕግ ለማሳለፍ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። ማን ስንት እንደሰጠ ሁሉም ያውቅ ነበር። አሸነፉ። እኛ ሾፌሮች ምን አተረፍን?

የኦሃዮው፦
ወንድሜ፣ ቢያንስ ከማን ጋር እንደምትከራከር ታውቅ ነበር። እኛ እሱንም ተነፍገናል።

የቨርጂኒያዋ፦
እሺ፣ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ለፓኩ አላዋጣም፣ እሱ ቁርጥ ነው።

ዲሲ፦
የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ኤስኢሲ ሁሉም ኩባንያ የፖለቲካ ወጪውን እንዲገልጽ ያስገድድልሻል ብለሽ አትጠብቂ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ኮንግረስ በየበጀት ሕጉ እንዲህ ያለ ደንብ እንዳያወጣ ሲያግደው ቆይቷል። በፈቃዳቸው የሚያሳውቁ ኩባንያዎች ግን አሉ፣ አብዛኞቹም ባለአክሲዮኖች ስለወተወቷቸው ነው። በየዓመቱ የባለአክሲዮኖች የድምፅ መስጫው ሲላክልሽ ሳታነቢ አትለፊው፣ የፖለቲካ ወጪ ይገለጽ የሚል ሐሳብ ካለበት ደግፊው። ለባለሀብቶች ግንኙነት ክፍልም ጻፊ። "ምን ያህል ታወጣላችሁ?" ብቻ አትበያቸው፣ ያንን ፓኩን አሳይተው ያልፉታል። ለየትኞቹ የንግድ ማኅበራት መዋጮ እንደሚከፍሉና ከመዋጮው ምን ያህሉ ለሎቢ እንደዋለ ጠይቂያቸው። ያ ክፍል ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ስለማይቀነስ ማኅበራቱ ብዙ ጊዜ ለአባሎቻቸው ቁጥሩን ይነግራሉ። ስለዚህ "አናውቅም" ቢሉሽ አትቀበያቸው።