ለትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ የመውጫ መሰላል በአነስተኛ ወጪ ማዘጋጀት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ቅዳሜና እሑድ ከቤተሰቤ ጋር ሎጎ ሐይቅ ላይ የምንንሸራሸርባት፣ ርዝመቷ 4.2 ሜትር የሆነ ባለ አንድ ሸራ የፋይበርግላስ ጀልባ አለችኝ። ጀልባዋ ደህና ናት፤ የሚጎድላት ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ተመልሶ የሚወጣበት መሰላል ነው። ለጊዜው የምንወጣው በጎኗ ተንጠልጥለን ሲሆን፣ አንድ ጎልማሳ ሲንጠለጠልባት ወደዚያው ታጋድላለች፤ ውስጥ ያለው ሰው በሌላኛው ጎን ተቀምጦ ካላመዛዘናት ውሃ ይገባባታል። ባለቤቴ በክንዷ ራሷን ስባ ማውጣት ስለሚከብዳት እስካሁን ከጀልባዋ ወርዳ አትዋኝም። ሐይቁ በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ እንደ መሆኑ የደከመ ሰው ቆሞ የሚያርፍበት ወለል የለውም፤ ስለዚህ መሰላሉን የማየው እንደ ምቾት ሳይሆን እንደ ሕይወት ጉዳይ ነው።

ለጀልባ ተብሎ የሚሠራው የስቴንለስ ስቲል መሰላል ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ከአቅሜ በላይ ነው። በእጄ ያለው አንድ ቀለም ቀቢ ሥራውን ሲተው የሸጠልኝ የአሉሚኒየም የቤት መሰላል ነው፤ ስፋቱ 38 ሳንቲ ሜትር፣ በመርገጫዎቹ መካከል ያለው ርቀት 28 ሳንቲ ሜትር ነው። የጀልባዋ የኋላ ግድግዳ 1.2 ሜትር ስፋት ሲኖረው መሪው መካከሉ ላይ ተሰክቷል፤ ከግድግዳው አናት እስከ ውሃው ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር አለ። ይህን መሰላል ቆርጬ መጠቀም እችላለሁ? ምን ያህል ወደ ውሃው መግባት አለበት? ከፋይበርግላሱ ጋርስ በምን ይያያዝ? ለሥራው ያለኝ 5,000 ብር ነው።

መልስ (ከኮምቦልቻ፣ የብረታ ብረት ባለሙያ)

ወንድሜ፣ መሰላሉ ይሆንዎታል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ እንደ ብረትም አይዝግም፤ ሐይቁም የባሕር ያህል ጨው የሌለው በመሆኑ ብዙ ዓመት ያገለግልዎታል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ማንም ቢሆን እንዳይበይደው። በየሰፈሩ ያለው በኤሌክትሮድ የሚሠራ የብየዳ ማሽን ለብረት የሚሆን ነው፤ አሉሚኒየም በአርጎን ጋዝ የሚሠራ ብየዳና ሥራውን የለመደ እጅ ይፈልጋል። በደንብ ቢበየድ እንኳ ሙቀቱ የነካው የቋሚው ክፍል ከቀድሞው ይለሰልሳል፤ ክብደት የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በብሎን ያያይዙት።

ብሎኖቹ ስቴንለስ ይሁኑ፤ ሆኖም ስቴንለስና አሉሚኒየም ውሃ ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ በመካከላቸው ፕላስቲክ መግባት አለበት። ለዚህ የተለየ ዕቃ ፍለጋ መድከም የለብዎትም። ለስጋ መክተፊያ የሚሸጠውን ወፍራም ነጭ ፕላስቲክ ገዝተው ከእሱ ክብ ክብ እያደረጉ በመቁረጥ ከሮንዴላው ሥር ያስገቡት። ከዚያው ፕላስቲክ ቁራጭ ወስደው ብሎን በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ በቋሚው ባዶ ሆድ ውስጥ ይሰኩበት፤ ካለዚያ ዳዶው ሲጠብቅ ቋሚው ይጨፈለቃል።

መልስ (ከደሴ፣ በቀድሞው ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ ያገለገሉ)

ልጄ፣ ስለ ብሎኑ ባለሙያው በሚገባ ተናግሯል፤ እኔ ስለ ጥልቀቱ ልናገር። ብዙ ሰው መሰላሉን ውሃውን እስኪነካ ወይም አንድ መርገጫ ብቻ እስኪጠልቅ ይሠራና በቂ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው ጉልበቱን እስከ ደረቱ ማንሳት ይገደዳል፤ ይህን ሲሞክር ደግሞ እግሩ ከጀልባዋ ሥር ይገባና ሰውነቱ በጀርባው ይንጋለላል፤ ሙሉ ክብደቱም በክንዱ ላይ ይቀራል። ልብሱ የራሰ፣ የበረደውና የደከመ ሰው ይህን አይችለውም። የአሜሪካ የጀልባ ማኅበር (ABYC) ያወጣው መመዘኛ የታችኛው መርገጫ ከውሃው ወለል ቢያንስ 22 ኢንች፣ ማለትም 56 ሳንቲ ሜትር እንዲጠልቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። አንተ 60 አድርገው። መርገጫዎችህ በ28 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ ስለሆኑ ሦስቱ ውሃ ውስጥ፣ አንዱ ከውሃው 24 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይውላል። የውሃውን ወለል ስትለካ ግን ጀልባዋ ባዶዋን ሳትሆን እንደ ወትሮው ሰውና ዕቃ ይዛ ይሁን።

ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይብሳል። መሰላሉ ውሃ ውስጥ ባለው ሰው እጅ መውረድ አለበት። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ብቻ የሚያወርደው መሰላል፣ ጀልባ ላይ የቀረ ሰው በሌለበት ቀን እንደሌለ ይቆጠራል። መሰላሉን አጥፈህ ስታስር በአንድ ሳብ የሚፈታ ቋጠሮ ተጠቀም፤ የገመዱንም ጫፍ ውሃውን እስኪነካ ልቀቀው፤ ጫፉ ላይ ቀይ ፕላስቲክ እሰርበት።

መልስ (ከሐይቅ ከተማ፣ አሣ አስጋሪ)

የገመድ መሰላል ይሻላል የሚል ሰው እንዳይገጥምዎ አስቀድሜ ልናገር። የገመድ መሰላል ርካሽ ነው፤ ተጠቅልሎም ከመቀመጫ ሥር ይገባል፤ ነገር ግን ሲረገጥ ከጀልባዋ ሥር ስለሚሸሽ የጋሼን ምክር ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ መርገጫው እንጨት ከሆነም ከታች ክብደት ካልታሰረበት ይንሳፈፋል። እኛ የምንጠቀመው ለመጠባበቂያ ነው፤ ዋናው መሰላል ቢሰበር እንኳ አንድ ነገር እንዲኖር። ለዚህ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጭነት የሚያስሩበት ሰፊ ቀበቶ ከገመድ ይበልጣል፤ ባዶ እግርን አይቆርጥም። ኮምቦልቻ ላይ አሮጌውን በርካሽ ያገኙታል። እግር የሚገባበት ቀለበት ሠርተው ከጀልባዋ የኋላ ማዕዘን ላይ ይሰሩት።

ሌላው፣ ሰው ከመውጣቱ በፊት የሸራውን ገመድ ልቀቁት፤ ሸራው ነፋስ ይዞ ሳለ መሰላል የያዘ ሰው ይጎተታል፤ ክንዱም ቶሎ ይዝላል።

መልስ (ከኮምቦልቻ፣ ሌላ አባል)

አሮጌ የጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ካለ በግማሽ ቀን ተበይዶ ያልቃል፤ ከአሉሚኒየሙም ይጠነክራል። ለምን ይህን ያህል ድካም?

መልስ (የብረታ ብረት ባለሙያው)

ጥንካሬውን አልክድም፤ ነገር ግን ጋልቫናይዝድ ሲበየድ ከዚንኩ የሚወጣው ነጭ ጭስ ብርድ ብርድ እያለ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል። ጭሱን ለማስቀረት ዚንኩ ብየዳው ከሚነካው ቦታ ተሞርዶ መነሳት አለበት፤ የተሞረደው ቦታ ደግሞ ዝገት የሚጀምርበት ነው። ክብደቱም በትንሽ ጀልባ የኋላ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል አፍንጫዋን ያነሳታል። አሉሚኒየም ያለው ሰው ወደዚያ ባይሄድ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልመለስ። መሰላሉን ለሁለት ይከፍሉታል። የላይኛው ክፍል አንድ መርገጫ የያዘው ሲሆን በግድግዳው ላይ ይቆማል፤ የታችኛው ሦስት መርገጫ የያዘው ሆኖ ወደ ላይ ይታጠፋል። መታጠፊያው ከውሃው ወለል ጋር እኩል በሚባል ቦታ ላይ ይዋል። በሁለቱም ቋሚዎች ውጭ ጠፍጣፋ የስቴንለስ ቁራጭ አድርገው፣ ከላይ በሁለት ብሎን አጥብቀው፣ ከታች በአንድ ብሎን እንዲዞር ይተዉታል። እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የሚዞርበት ብሎን በቋሚው መካከል ሳይሆን ከጀልባዋ በራቀው ጠርዝ በኩል ይሁን፤ የሁለቱ ክፍሎች ጫፎችም መሰላሉ ሲዘረጋ ፊት ለፊት ይግጠሙ። እንዲህ ከሆነ ሰው ሲረግጠው የታችኛው ክፍል ወደ ጀልባዋ ሥር ሊሄድ ሲል ጫፎቹ ተጋጥመው ያቆሙታል፤ ወደ ውጭና ወደ ላይ ግን እንደ ልብ ይታጠፋል። የሚዞረው ብሎን ዳዶ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሌላውን እንዲቆልፍ።

በታችኛው ክፍል ቋሚዎች ላይ ከላይና ከታች ቀዳዳ ይብሱ። ውሃ ካልገባባቸው በውስጣቸው ያለው አየር መሰላሉን ያንሳፍፈዋል፤ ገመዱ ተስቦም አይወርድም።

ጥያቄ (ጠያቂው)

ጋሼ፣ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የታችኛው ክፍል ሲታጠፍ ከግድግዳው አናት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ሸራው ከጎን ወደ ጎን ሲዞር ገመዱ እዚያ ላይ እንዳይጠመጠም እሰጋለሁ። ደግሞም የኋላው ግድግዳ ፋይበርግላስ ቀጭን ይመስለኛል፤ በእጄ ስገፋው ጥቂት ይረግባል።

መልስ (የብረታ ብረት ባለሙያው)

የሚረግብ ግድግዳ ላይ በቀጥታ እንዳያስሩ። ከውስጥ በኩል 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ከመሰላሉ ስፋት በለጥ አድርገው ይቁረጡና ዙሪያውንና ጠርዙን በኢፖክሲ ወይም በዘይት ቀለም በሚገባ ይቀቡት፤ በእሱ ላይ ትልልቅ ሮንዴላ አድርገው ባለ 8 ሚሊ ብሎን ከውጭ ወደ ውስጥ ያሳልፉ። በየቋሚው ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ብሎን ይበቃል። ቪት አይሆንም፤ ሰው ሲንጠለጠልበት ይነቀላል። ከመብሳትዎ በፊት ቦታው ላይ ፕላስተር ይለጥፉ፤ የፋይበርግላሱ ቀለም እንዳይፈረፈር ያግዛል። በቀዳዳው ውስጥና በማያያዣው ሥር ሲካፍሌክስ የተባለውን ውሃ የማያስገባ ማጣበቂያ ይሙሉበት፤ የመስኮት ሲልኮን እዚህ ቦታ አይታመንም። ግድግዳው በሁለት ፋይበርግላስ መካከል እንጨት ያለው ከሆነ በደንብ ያልተደፈነ ቀዳዳ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል።

መሰላሉ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ካለዚያ የእግር ጣት መርገጫው ላይ አይቀመጥም። ቦታውን ከመወሰንዎ በፊት ደግሞ መሪውን በሁለቱም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው አዙረው ይለኩ፤ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ያለዎት 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ መሰላሉ 38ቱን ይወስዳል።

መልስ (አሣ አስጋሪው)

ስለ ገመዱ፦ የታጠፈውን መሰላል ሁለት ጫፎች በፕላስቲክ ቆብ ይድፈኑ፤ ከእነሱ አንስቶ እስከ ጀልባዋ የኋላ ማዕዘን አንድ ቀጭን ናይለን ወጥሩ። የሸራው ገመድ በተወጠረው ናይለን ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል እንጂ ከጫፉ ሥር አይገባም። መርገጫዎቹን በብስክሌት ካላማዳሪያ ጠምጥሙ፤ እርጥብ አሉሚኒየም እግር ያዳልጣል።

መልስ (በባሕር ኃይል ያገለገሉት)

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው መሰላሉን ወጥቶ ሲጨርስ እጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ከምሰሶው ሥር አንድ ገመድ አስረህ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ እየቋጠርክ እስከ ኋላው ግድግዳ አድርሰው። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ውሃው እስከ ደረት በሚደርስበት ዳር ላይ ሞክሩት። ባለቤትህ የሕይወት አድን ጃኬቷን እንደለበሰች፣ ማንም ሳይረዳት ገመዱን ስባ፣ መሰላሉን አውርዳ ትውጣ፤ ጃኬቱ በመርገጫው ላይ ቢያዝባት ወይም ቋጠሮው ቢያስቸግራት እዚያው ታስተካክሉታላችሁ።