የተከልኩት ሁሉ ጠዋት ተንሳፎ ይገኛል

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ። 60 ሊትር የምትይዝ አኳሪየም (የዓሣ ማቆያ መስታወት) አለችኝ፤ ጋፒ የሚባሉ ስምንት ትንንሽ ዓሣዎች አሉባት። ከአዲስ አበባ አኑቢያስ፣ ቫሊስኔሪያና ሣር የምትመስለዋን ኤሊዮካሪስ የሚባሉ የውሃ ውስጥ ተክሎች በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ አመጣሁ። ማታ አሸዋውን በጣቴ እየጎደጎድኩ እተክላለሁ፤ ጠዋት ግማሹ ውሃው አናት ላይ ነው። ዛሬ አራተኛ ቀኔ። ትናንት አኑቢያሱን በደንብ ቀብሬ ጠጠር ብጭንበት የግንዱ ጫፍ ለሰለሰ፣ ስነካው ይላጣል፣ ይሸታል። አሸዋው የወንዝ ነው፣ ሰባት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ውፍረቱ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። እባካችሁ እህታችሁን ምከሩ፣ እንዲሞቱብኝ አልፈልግም።

የበርበሬ አገር (ቡሬ)
እህቴ፣ አኑቢያሱን አሁኑኑ ከአሸዋው አውጪው። ያ አግድም የሚሄደው ወፍራም ግንድ ከተቀበረ ይበሰብሳል። የለሰለሰውን ጠንካራው አረንጓዴ እስኪመጣ ድረስ በንጹሕ ምላጭ ቁረጪና ቀሪውን ድንጋይ ላይ እሰሪው። እኔ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ነው የምወደው፣ ሥር ይይዝበታል። በጥቁር የጥጥ ክር ሁለት ሦስት ዙር ይበቃዋል፣ እንዳታንቂው። ክሩ እስኪበሰብስ ሥሩ ራሱ ድንጋዩን ይጨብጣል።
ቫሊስኔሪያው ግን ይቀበራል። የረዘመውን ሥር ሁለት ጣት አስቀርተሽ ቁረጪ፣ ጠለቅ አድርገሽ ትከይው፤ ከዚያ ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት ነጩ አንገት ብቅ እስኪል ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ሳቢው። እንዲህ ሲሆን ሥሩ ወደ ታች ተዘርግቶ ይቀራል። የበርበሬ ችግኝ ስናዛውር እንደምናደርገው ዙሪያውን በጣትሽ ጠቅጠቅ አድርጊለት። አሸዋሽም ሳስቷል፤ አራት ጣት አድርሺው። አሮጌ ቅጠሉ ቢቀልጥ አትደንግጪ፣ አዲስ ያወጣል።

ወረንጦ (ደብረ ማርቆስ)
ሣሯን በጅምላ አትትከያት። አምስት ስድስት ዘለላ እየለየሽ ሥሩን በወረንጦ ጫፍ ያዢ፣ ወረንጦውን ሰያፍ አጋድመሽ አስገቢ፣ አፉን ትንሽ ከፍተሽ እያወዛወዝሽ አውጪው። ቀጥ አድርገሽ ከሳብሽው ተክሉም ተከትሎት ይወጣል። ደግሞ ውሃው ሞልቶ እያለ አትትከይ! ዓሣዎቹን ከራሳቸው ውሃ ጋር ባልዲ ውስጥ አቆዪ፣ ውሃው ከአሸዋው በላይ አንድ ጣት ሲቀር ትከይ። ስትመልሺ አሸዋው ላይ ሳህን አስቀምጠሽ ሳህኑ ላይ አፍሺው።

ዓባይ ማዶ (ባሕር ዳር)
የቆረጥሽውን ቅጠልና ሥር አደራ ወደ ቦይ አትድፊው፤ አድርቀሽ አቃጥዪው። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ጣናን ምን እንዳደረገው እኛው አይተናል።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)
ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ከቫሊስኔሪያው አንዱ ብቻ ተነቀለ፣ መልሼ ተከልኩት። ሣሯ ቆማለች። አኑቢያሱ በአራት ቅጠል ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት በባትሪ ሳየው አንዲት ነጭ ሥር ከክሩ በታች ወጥታ የድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ገብታለች። እግዜር ይስጥልኝ።