ያ ቃል ይውጣ ወይስ ይቆይ? በአንድ የአሜሪካ ልብ ወለድ ላይ የተነሳ ክርክር

ጠያቂዋ፣ ሜሪላንድ
ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ልጄ የማርክ ትዌይንን «ሃክልቤሪ ፊን» ሊያነቡ ነው ብሎ ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት አመጣልኝ። መጽሐፉ ውስጥ ጥቁሮችን የሚያዋርደው ያ በ«ኤን» የሚጀምር የእንግሊዝኛ ቃል ከ200 ጊዜ በላይ አለ። ሳጠያይቅ ደግሞ አላባማ ያለ አሳታሚ በ2011 ቃሉን ነቅሎ በቦታው «ስሌቭ» ብሎ ያወጣው እትም እንዳለ ሰማሁ። ልጄን ከመጠየቄ በፊት ብዬ ዋናውን እኔው ጀመርኩት። እውነቱን ልናገር፣ እየሳቅኩ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ ድንገት ያ ቃል ይመጣና መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ማዕድ ቤት እሄዳለሁ። የታረመውን ስጡልኝ ልበል ወይስ ዝም ብዬ ልፈርም?

ጡረተኛው መምህር፣ አዲስ አበባ
ልጄ፣ ፈርሚ። ሰውዬው በ1885 አሜሪካ ያሳተመውን እኛ ዛሬ ተነስተን የምናርመው በማን ሥልጣን ነው? ሃክ የሰካራም ልጅ ነው። ከባርነት ካመለጠው ከጂም ጋር በእንጨት ርብራብ ላይ ሆኖ ሚሲሲፒን ቁልቁል ይወርዳል። ባሪያ ማስመለጥ ስርቆት ነው፣ ሲኦል ያስገባል እየተባለ ነው ያደገው። ምዕራፍ 31 ላይ ጂም ያለበትን የሚጠቁም ደብዳቤ ለባለቤቱ ይጽፋል። ቁጭ ብሎ ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ ደብዳቤውን ቀዶ «በቃ፣ ሲኦል እገባለሁ» ይላል። እዚህ የደረሰው ያን ሁሉ ስድብ አፉ ውስጥ ይዞ ነው። አፉን ከመጀመሪያው አጥበሽ ካቀረብሽው፣ ድሮውንም ጨዋ ልጅ ነበር ማለት ነው፤ ታዲያ ምኑን ተለወጠ?

እዚያው የተወለደው፣ ቨርጂኒያ
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ ያነበቡት ብቻዎን ተቀምጠው ነው። እኛ ያነበብነው ክፍል ውስጥ፣ ጮክ ተብሎ፣ በተራ በተራ ነው። ጥቁር እኔና አንዲት ልጅ ብቻ ነበርን። ቃሉ ሲደርስ የሚያነበው ልጅ ቆም ይላል፣ ከዚያ ይለዋል፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ይዞራል። አባቴ ጎንደር ነው የተወለደው ብል ማን ይለየኛል? የእርስዎ ምዕራፍ 31 ሲነበብ እኔ ደወል ነበር የምጠብቀው። እዚሁ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ በ1982 አንድ ጥቁር አስተዳዳሪ መጽሐፉ ከትምህርት ይውጣ ብሎ ተነስቶ ነበር፤ የሚሠራበት ትምህርት ቤት ስም ማን ቢባል ጥሩ ነው? ማርክ ትዌይን። ቀልድ ይመስላል፤ ሰውዬው ግን ቀልድ ላይ አልነበረም።

ነርሷ፣ ዳላስ
መከልከሉስ መች አዲስ ሆነ! ገና እንደታተመ፣ በመጋቢት 1885፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የኮንኮርድ ቤተ መጻሕፍት አግዶታል። ለጥቁር ተቆርቁረው እንዳይመስላችሁ፤ ባለጌ ነው፣ ለልጆች አይሆንም ብለው ነው። ትዌይን ደግሞ ይሄ 25,000 ቅጂ ያሸጥልናል ብሎ ጻፈ። ደራሲው ሄሚንግዌይም በ1935 ባሳተመው የአፍሪካ የአደን ጉዞው መጽሐፍ ውስጥ የአሜሪካ ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ በሙሉ ከዚህ አንድ መጽሐፍ ነው የመጣው ካለ በኋላ፣ ጂም ከተሰረቀበት ቦታ ወዲያ ያለው ማጭበርበር ስለሆነ እዚያ ላይ አቁሙ ይላል። እኔ ግን ሳላቆም ጨረስኩት፤ ባልጨረስኩ ኖሮ እላለሁ።

ሹፌሩ፣ ዲሲ
ቀኑን መኪና ውስጥ ስለምውል ይሁን አላውቅም፣ እኔ የምወደው የጉዞ መጽሐፍ ነው። ደራሲው ጆን ስታይንቤክ በ1960 ቻርሊ የሚባል ውሻውን ጭኖ አሜሪካን ዞረና መጽሐፍ ጻፈበት። መጨረሻው አካባቢ ኒው ኦርሊንስ ይደርሳል። ሩቢ ብሪጅስ የምትባለዋ የ6 ዓመት ልጅ የነጮች በነበረ ትምህርት ቤት በፌዴራል ማርሻሎች፣ ማለትም በማዕከላዊው መንግሥት የሕግ አስከባሪዎች፣ ታጅባ የምትገባበት ሰሞን ነው፤ መጽሐፉ ስሟን አይጠራም። በር ላይ ቆመው የሚሰድቡ ሴቶች አሉ። ስታይንቤክ ምን ይላል? ጋዜጣ ቃላቸውን አላተመም፣ ቴሌቪዥንም ድምፁን አደብዝዞታል፤ እኔ ግን በጆሮዬ ሰማሁት፣ አውሬያዊና ቆሻሻ ነው ይለናል። እሺ፣ ምን አሉ? እሱም አይነግረንም! እዚያ ገጽ ላይ ተናደድኩ። ሕፃኗ በየጠዋቱ ስትሰማው የከረመችውን እኔ ትልቁ ሰውዬ እንዳልሰማ ተሸፈነልኝ። የሚገርመው፣ እዚያው ከተማ መኪና ማቆሚያ ላይ የሚሠራው ሰው ቻርሊን በመስኮት አይቶ ጥቁር ሰው መስሎት ያን የእናንተን ቃል ሲናገር እንዳለ ጽፎታል።

ጠያቂዋ
ወንድሜ፣ ያ መጽሐፍ ግማሹ ፈጠራ ነው ይባል የለ?

ሹፌሩ
አዎ። በ2010 አንድ ጋዜጠኛ መንገዱን ተከትሎ ሄዶ፣ ብዙው ጭውውት የማይመስል ነው፣ ሜዳ ላይ አደርኩ ያለበትንም ብዙ ሌሊት አልጋ ይዞ ነው ያደረው ብሎ ጻፈ። የ50ኛ ዓመቱ እትም መግቢያም ቃል በቃል አትውሰዱት ይላል። ምን ታደርጊዋለሽ እህቴ፣ እኔም ተሳፋሪ የነገረኝን ቤት ገብቼ ሳወራ ጨው ጣል አደርግበታለሁ።

ተርጓሚው፣ አዲስ አበባ
እኔ በእጄ ከገጠመኝ ልነሳ። የ«ሃክልቤሪ ፊን»ን የመጀመሪያ ምዕራፎች ለራሴ ወደ አማርኛ ልመልስ ሞክሬ ያን ቃል ስደርስ ቆምኩ። «ጥቁር» ብለው ለእኛ ስድብ አይሆንም። «ኔግሮ» የድሮ ጋዜጣ ይሸታል። እጄ ሳላዘው የጻፈው «ባሪያ» ነው። አያችሁ? የአላባማው አሳታሚ ስድቡን ለማጥፋት የመረጠው ቃል አማርኛ ሲሆን ስድቡ ራሱ ሆኖ ቁጭ ይላል። «ስሌቭ» ሲሉ ሰውዬው የወደቀበትን ሁኔታ መናገራቸው ነው። እኛ ጋ ባርነት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1942 በአዋጅ ቢሻርም ቃሉ ሰው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ፊቱ ጠቆር ያለ ልጅ በእረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ምን እየተባለ እንደሚጠራ እዚህ ያለን ሁላችንም እናውቃለን።

ደግሞ «ስሌቭ» ልኩም አይደለም። ምዕራፍ 6 ላይ የሃክ አባት ሰክሮ የሚሳደበው ከኦሃዮ ስለመጣ ነፃ ጥቁር ነው፤ ኮሌጅ የሚያስተምር፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ፣ አገሩ ላይ ድምፅ የሚሰጥ ሰው። ያን ሰው ባሪያ ሊለው አይችልም፤ ያ ቃል ግን አይቀርለትም። መጨረሻም ላይ ባለቤቱ የነበረችው ሚስ ዋትሰን ጂምን በኑዛዜዋ ነፃ ካወጣችው ሁለት ወር አልፏል፣ የሃክ ጓደኛ ቶም ሶየርም ያውቃል፤ እያወቀ ነው ሰውዬውን አስሮ የሚጫወትበት። ነርሷ የጠላችው መጨረሻ ይኼ አይደል? ቃሉ በነፃነት ወረቀት የማይፋቅ መሆኑን ያየሁት እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ እኔ ይቆይ ባይ ነኝ፤ ግን ጋሼ፣ የሰው አገር ስድብ ሲሆን ይቆይ ማለት እንዴት ይቀለናል!

ጡረተኛው መምህር
ነካኸኝ። ተማሪዎቼ አንዱን ልጅ በዚያ ስም ሲጠሩት ሰምቼ የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ አልፌያለሁ። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ወንበር አልተነሳም፤ እኔም ሰነፍ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። መጽሐፉ ይነካ ግን አልልም።

እዚያው የተወለደው
እኔም ይነካ አላልኩም ጋሼ። የፐርሲቫል ኤቨረትን «ጄምስ» አንብበዋል? በ2024 የወጣ፣ በ2025 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ነው። ያው ታሪክ በጂም አንደበት። ባሮቹ ለብቻቸው ሲሆኑ እንግሊዝኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ ነጭ ሲመጣ ብቻ ሆን ብለው ያበላሹታል። ቃሉ እዚያም ሞልቷል፤ አንድም ገጽ ላይ ደወል አልናፈቀኝም። ሁለቱን አብረው ያንብቡ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ ይቅር።

ነርሷ
እኔ የታረመውንም የምቃወም አይደለሁም። ለ12 ዓመት ልጅ ከሆነ እሱን እሰጣለሁ። ሕመምተኛ ሁሉ አንድ መጠን መድኃኒት አይወስድም።

ጠያቂዋ
ዋናውን ፈርሜያለሁ። ከፊርማዬ በታች «ልጄ ያን ቃል ጮክ ብሎ እንዲያነብ፣ ሲነበብም እንዲሰማ አልፈቅድም» ብዬ ጻፍኩ። ማታ የተርጓሚውን ጽሑፍ ለልጄ አነበብኩለት። «እንዴ ማሚ፣ ስድብ ነው እንዴ? አያቴ ስልክ ላይ ስለ ሠራተኛዋ ስታወራ ትለው የለ?» አለኝ። እናቴን እሁድ እደውልላታለሁ፤ እስካሁን ምን እንደምላት አላውቅም። ተርጓሚው፣ እነዚያን ምዕራፎች ላክልኝ፤ ያን ቦታ በመጨረሻ ምን ብለህ እንደተውከው ማየት እፈልጋለሁ።

ተርጓሚው
ባዶ ነው የተውኩት፤ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። እልክልሻለሁ።