ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ከተባለ በኋላ ዲቲአይ ማስነሣት ይጠቅማል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ ከወራት በፊት በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ነበር። በዕለቱ የተነሣው ሲቲ ስካን ደም መፍሰስም ሆነ ስብራት አላሳየም ተብሎ ወደ ቤት ተላከ። ዛሬም ግን የጀመረውን ወሬ መሐል ላይ ይረሳዋል፤ ሁለት ሰው እኩል ሲያወራ መከታተል ያቅተዋል፤ አንድ ገጽ አንብቦ ሳይጨርስ ይደክመዋል። ዲቲአይ የሚባለው የኤምአርአይ ዓይነት የአንጎልን ነጭ ክፍል ጉዳት ያሳያል ሲባል ሰምቻለሁ። ብናስነሣው ቁርጥ ያለ መልስ እናገኛለን?

መልስ 1፦
እግዚአብሔር ይማርልዎ። ሲቲ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚሻውን ደም መፍሰስ ፈጥኖ ለመለየት የሚሠራ ምርመራ ስለሆነ፣ ጭንቅላት በድንገት ሲናወጥና ሲጠማዘዝ የሚለጠጡትን ረቂቅ የነርቭ ክሮች አያሳይም። እነዚህ ክሮች በብዛት የሚጎዱት የነርቭ ሴሎቹ አካል ያለበት ግራጫው ክፍልና ክሮቹ ያሉበት ነጩ ክፍል በሚገናኙበት ድንበር፣ ቀኝና ግራ አንጎልን በሚያገናኘው ኮርፐስ ካሎሰም፣ አደጋው ከበረታም በአንጎል ግንድ ላይ ነው።

እነ ተመራማሪ ፒተር ባሰር በ1994 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ዲቲአይ የሚለካው በአንጎል ውስጥ ያለውን የውሃ እንቅስቃሴ ነው። ክሩ ደኅና ከሆነ ውሃው በአብዛኛው የክሩን ርዝመት ተከትሎ ይሄዳል፤ ከተጎዳ ወደየአቅጣጫው ይበተናል። ይህም ኤፍኤ በሚባል ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይገለጻል፤ ወደ 1 ሲጠጋ ውሃው ይበልጥ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ በዕድሜና በማሽኑ ዓይነት ይለያያል፤ በአደጋው ማግስት ባሉት ቀናትም በአንዱ ተጎጂ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ የተጎጂዎችን ቡድን ከጤነኞች ጋር ለሚያነጻጽር ጥናት እጅግ ቢጠቅምም፣ በአንድ ሰው ላይ «ይህ ከአደጋው የመጣ ነው» ብሎ ለመፍረድ አያስደፍርም።

መልስ 2፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ኤምአርአዩ ራሱ አይቅር። ሐኪሙ ማዘዣው ላይ የጭንቅላት ጉዳት መኖሩን ጽፎ ኤስደብሊውአይ የሚባለው የኤምአርአይ ዓይነት እንዲጨመር ይጠይቁ፤ በክሮቹ አካባቢ የቀረውን ጥቃቅን የደም ቅሪት ከወራት በኋላም እንደ ጥቁር ነጥብ ያሳያል። ባለ 3 ቴስላ (ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን ከተገኘ ከ1.5ቱ ይልቅ ነጥቦቹን አጉልቶ ያወጣቸዋል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እሱም ንጹሕ ቢሆንስ?

መልስ 2፦
ያኔም የወንድምዎ ሕመም እውነት ነው፤ ደም ያላፈሰሰ የክር ጉዳት በኤስደብሊውአይ አይታይምና። ትኩረቱን፣ የማስታወስ ችሎታውንና የማሰብ ፍጥነቱን በፈተና የሚለካ የኒውሮሳይኮሎጂ ባለሙያ ይየው፤ እንቅልፉና ራስ ምታት ካለውም እሱ ጎን ለጎን ይታከም። ሕክምናው የምስሉን ውጤት መጠበቅ የለበትም።