የእርሻ ሥራ የቀን ዕቅዴን በየጊዜው ያፈርስብኛል፤ እንዴት ልልመደው?

ጥያቄ፦ ከምንጃር ሸንኮራ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ ለስምንት ዓመታት በሒሳብ ሠራተኛነት ካገለገልኩ በኋላ፣ አባቴ ስለ ደከሙና እርሻውን የሚይዝ ሰው ስለ ጠፋ፣ ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ወደ ትውልድ ቀዬ ተመልሻለሁ። ጤፍና ሽምብራ እናመርታለን፤ ሁለት የተዳቀሉ ላሞችም አሉን። ከዚህ ጎን ለጎን የሁለት ነጋዴዎችን የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ፤ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴንም በርቀት እከታተላለሁ። ቀኔን በሰዓት ከፋፍዬ በደብተር መጻፍ የቆየ ልማዴ ነው፤ ከተማ ሳለሁም ብዙ ጠቅሞኛል።

እዚህ ግን ደብተሩ መሳቂያ ሆኗል። ያለፈውን ሳምንት ብቻ ልንገራችሁ። ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ለጥናት የያዝኩትን ጊዜ፣ የጎረቤት ማሳ ገብቶ የተገኘውን በሬያችንን በማስመለስና ስለ ካሳው ሽማግሌ ፊት በመቀመጥ አሳለፍኩት። ረቡዕ የአንዱን ደንበኛዬን የወር ሒሳብ ልዘጋ ስቀመጥ ሰማዩ ጠቆረ፤ የታጨደው ጤፍ ገና ማሳ ላይ ስለ ነበረ ቤተሰቡ በሙሉ እስኪመሽ ድረስ ነዶ ሲሰበስብና ሲከምር ዋለ። ዓርብ በመንደሩ ሰው ሞተና ቀብር ዋልን። ረቡዕ ማታ፣ ሒሳቡ ሳይዘጋ በመቅረቱ በመናደዴ፣ ምንም ባላጠፋው እረኛችን ላይ ጮኽኩበት፤ ልጁ ራቱን ሳይበላ ተኛ። ይህ ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። ዕቅድ ማውጣቱን ጭራሽ ልተወው ወይስ ከዚህ ኑሮ ጋር የሚሄድ ሌላ አሠራር አለ?

መልስ 1፦ ከአድአ፣ ገበሬ

ልጄ፣ ደብተሩን አትጣዪው። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ በእርሻ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ደብተር ባይኖረኝም ዕቅድ የሌለኝ ቀን አልነበረም። የነገርሽንን ሳምንት ሳየው ግን ሦስቱንም ጉዳዮች በአንድ ሚዛን የመዘንሻቸው ይመስለኛል። የታጨደ ጤፍ ዝናብ ሲመጣበት ለአንድ ሰዓትም አይቆይም፤ ነጭ ጤፍ ከራሰ መልኩ ይጠቁራል፣ ገበያ ላይም ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ረቡዕ የዋልሽበት ሥራ ትክክለኛ ነበር። በሬውንም ቶሎ ማስወጣት ይገባ ነበር፤ በቆየ ቁጥር ጥፋቱ ይበዛልና። ካሳው ግን በዚያው ጠዋት ማለቅ አልነበረበትም። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንቀመጥ» ብትይ ባለማሳው እሺ ይልሽ ነበር፤ ቁጣውም እስከዚያ ይበርድ ነበር። የጥናትሽን ጊዜ በአብዛኛው የወሰደው ሽምግልናው እንጂ በሬው አይደለም።

ሁለተኛው ነገር አጨዳውን ይመለከታል። ማሳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አታሳጭዱት። በወንፈል የምትሠሩ ከሆነ ደርቆ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መከመር የምትችሉትን ያህል ብቻ እያጨዳችሁ ብትሄዱ፣ ሰማይ ሲጠቁር የሚያስደነግጣችሁ ነዶ ትንሽ ይሆናል። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያም ተከታተሉ፤ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ለይቶ ባይናገርም አጨዳ ለመጀመርና ለማቆየት ይረዳል።

በእኛ አካባቢ በ12፣ በ21 እና በ27 ሞፈር አይነሳም፤ በእናንተም ዘንድ ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። እነዚህን ቀናት ለወረቀት ሥራሽ አድርጊያቸው። ላም በዓል ባታውቅም፣ ለእርሻ ሥራ ብሎ የሚጠራሽ ሰው ግን በእነዚህ ቀናት አይኖርም።

መልስ 2፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው፣ በላሞች በኩል ድንገተኛ የምንለው ነገር አብዛኛው አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑን ነው። ላም የምታረግዘው በአማካይ 280 ቀን ገደማ ነው። የተዳቀለችበት ቀን ከተመዘገበ ዘጠኝ ወር ቆጥረው አሥር ቀን ይጨምሩ፤ በመካከሉ ጳጉሜን ካለፈች ግን የጨመሩት ቀን አምስት ብቻ ይሁን። ለምሳሌ ሰኔ 20 የተዳቀለች ላም መጋቢት 25 ገደማ ትወልዳለች። አንድ ሳምንት ልትቀድም ወይም ልትዘገይ ስለምትችል፣ ያንን ሁለት ሳምንት በደብተርዎ ላይ ባዶ አድርገው ይተዉት።

ምጡ ሲጀምር ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል፤ የግድ እርስዎ መሆን ግን የለብዎትም። የሚጠብቀው ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡት ነገሮች ጥቂት ናቸው። የውኃው ከረጢት ከታየ በኋላ ላሟ አጥብቃ እያማጠች ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈና ለውጥ ከሌለ ሐኪም ይጠራ። ጥጃው እንገሩን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ቢዘገይ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት። የእንግዴ ልጁ በአብዛኛው በ12 ሰዓት ውስጥ ይወጣል፤ ከ24 ሰዓት ካለፈ ባለሙያ ይየው እንጂ ማንም በእጁ እንዳይጎትተው። ይህ በወረቀት ተጽፎ በረቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ባለቤትዎም ሆኑ እረኛው ያለ እርስዎ ሊወጡት ይችላሉ።

ድራት ግን ቀጠሮን በእውነት የሚያዛባ ነገር ነው። ላሟ ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ከታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት፤ ካለፈ ሌላ 21 ቀን ይጠበቃል፤ የወተቱም ጊዜ በዚያው ልክ ይገፋል። ለዚህ ጥናትዎን ቢያቋርጡ አያስቆጭም።

ጠያቂዋ፦ ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሽምግልናው ነገር ትክክል ነው፤ ለራሴም አልታየኝም ነበር። በምሳሌ የተጠቀሰው ቀን ደግሞ አስገርሞኛል፤ አንደኛዋ ላማችን የተዳቀለችው ሰኔ 18 ነው። የቀረኝ ጥያቄ ስለ ደንበኞቼና ስለ ንዴቴ ነው። ደንበኛ «ዝናብ መጣብኝ» ሲሉት እንዴት ይሰማል?

መልስ 3፦ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ወተት አምራች

እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ በሰዓት ዕቅድ ጀምሬ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ተውኩት። አሁን በቀኔ ውስጥ የማይነቃነቁት የጠዋቱና የማታው አለባ ብቻ ናቸው፤ ሌላውን ሁሉ «ከጠዋቱ አለባ በኋላ»፣ «ከማታው አለባ በፊት» እያልኩ እይዘዋለሁ። ለሳምንቱም ከሦስት የማይበልጡ ዋና ሥራዎችን እጽፋለሁ እንጂ ለእያንዳንዱ ቀን አልደለድላቸውም። ማክሰኞ ያልሆነው ሐሙስ ይሆናል፤ ሐሙስም ካልሆነ ቅዳሜ አለ። ዕቅዴ የሚፈርሰው ሳምንቱ በሙሉ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ በዓመት ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው።

ለደንበኞችሽ ስለ ዝናቡ መንገር አያስፈልግሽም። ሥራውን በ25 እጨርሳለሁ ብለሽ ካሰብሽ በ28 አስረክባለሁ በያቸው፤ በ25 ብታደርሺላቸው ደስ ይላቸዋል፣ በ28 ብታደርሺም ቃልሽን ጠብቀሻል። የከተማ ሰው የሚቆጣው በቀጠሮው ቀን ጠዋት «አልደረሰልኝም» ሲባል ነው።

ስለ ንዴቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ እኔም ገና አልዳንኩም። ልጁን ግን ይቅርታ ጠይቂው፤ እረኛ ነው ብለሽ አትለፊው። ሌላም ልጠይቅሽ፦ በሬው ሲጠፋ፣ ጤፉ ሲነሳ፣ ለቅሶ ሲደረስ ሁሉ የሚቋረጠው ያንቺ ሥራ ብቻ ነውን? በእኔ ቤት ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር፤ ምክንያቱም የወረቀት ሥራ ለሌላው ሰው ሥራ አይመስለውም ነበር። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን፣ ሰኞና ሐሙስ የሚመጣውን ድንገተኛ ነገር በሙሉ እርሱ እንዲወጣው ተስማማን። መጀመሪያ ላይ አጉረመረመ፤ አሁን ለምዶታል።

መልስ 4፦ ከአዲስ አበባ፣ ገጠር ያደገ

ከዚህ በላይ ካሉት ምክሮች በአንዱ ነገር እለያለሁ። ሁሉም ሥራ ሊገፋ አይችልም፤ ፈተና አይገፋም። ለፈተና ሳምንት ቤትዎ ሆነው እረፍት አገኛለሁ ብለው አይጠብቁ፤ ደጅ ላይ ሰው እስካለ ድረስ ይጠራሉ። አረርቲ ከተማ ዘመድ ካለዎት ሦስት ወይም አራት ቀን እዚያ ይቆዩ፤ ለቤተሰቡም ቀኑን ከወር በፊት ይንገሩ። ለቅሶን በተመለከተ ከቀብር መቅረት አይቻልም፤ በገጠር ያስወቅሳል፤ ነገ ለራስም ሰው ይፈለጋል። ከቀብር በኋላ ባሉት ቀናት ግን ከአንድ ቤት አንድ ሰው ከተገኘ ስለሚበቃ ከባለቤትዎ ጋር ሊፈራረቁ ይችላሉ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥሩን ሠርቼው ላሟ መጋቢት 23 ገደማ ትወልዳለች፤ ፈተናዬ ደግሞ መጋቢት 20 ይጀምራል። አረርቲ አክስቴ ጋ እንደምሰነብት ለባለቤቴ ዛሬ ነግሬዋለሁ፤ «ምጡንስ ማን ይጠብቃል?» ቢለኝ፣ ከመልስ 2 የገለበጥኩትን ወረቀት ሰጠሁት። የውኃ ከረጢቱን ነገር ሁለት ጊዜ አንብቦ እረኛውን ጠራው። ልጁን ትናንት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ «እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለኝ፤ መርሳቱን ግን እጠራጠራለሁ።