የውንድድ ኒ ሜዳሊያዎች ይሰረዙ ወይስ ይቆዩ?

ጥያቄው፦ ዲሴምበር 29 ቀን 1890 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) የአሜሪካ 7ኛ ፈረሰኛ ሬጅመንት ደቡብ ዳኮታ ውስጥ፣ ውንድድ ኒ ላይ ከ250 በላይ የላኮታ (ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ ሕዝቦች አንዱ) ሰዎችን ገደለ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለዚያ ቀን ወደ 20 የሚጠጉ ወታደሮች የአገሪቱን ትልቁን ወታደራዊ ሽልማት ሜዳል ኦፍ ኦነርን ወሰዱ። በ2024 መከላከያ ሚኒስትሩ ሎይድ ኦስቲን ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዙ። በ2025 ተተኪያቸው ፒት ሄግሴት ሜዳሊያዎቹ አይነኩም አሉ። እናንተስ?

የቀድሞ ወታደር፦ አይነኩ! ወታደር የታዘዘውን ነው የሚሠራው። በ1890 የነበረን ሰው ዛሬ ላይ ቁጭ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። መንግሥት በተቀየረ ቁጥር መዝገብ ከተፋቀ የማን ሜዳሊያ ይተርፋል?

የታሪክ አስተማሪ፦ ጋሼ፣ የዚያን ጊዜ ሰዎችም እኮ ፈርደዋል። የበላይ አዛዡ ጄኔራል ማይልስ ወዲያው የሬጅመንቱን መሪ ኮሎኔል ፎርሳይትን ከኃላፊነት አንስቶ ምርመራ አስጀምሮበታል። ሰውየውን ወደ ቦታው የመለሰችው ዋሽንግተን ናት። ላኮታዎቹ መሣሪያ እያስረከቡ ነበር። በአንድ ጠመንጃ ግብግብ ተነሳ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ጉብታው ላይ የተጠመዱት የሆችኪስ መድፎች ድንኳኖቹን መቱ። ወደ ሸለቆው የሸሹ ሴቶችና ልጆች እየታደኑ ተገደሉ። አሁን የሽልማት መዝገቡን እዩት። የአንዱ ምክንያት "ልዩ ጀግንነት" ይላል፣ በቃ። የሌላው "ሸለቆ ውስጥ ከተሸሸጉ ሕንዶች ጋር በተደረገ ውጊያ ላሳየው ጀግንነት" ይላል፤ "ሕንዶች" የሚላቸው እነዚሁ ቀደምት ነዋሪዎች ናቸው። ያው ሸለቆ!

ተማሪዋ፦ ሜዳል ኦፍ ኦነር ግን ተሰርዞ ያውቃል?

የታሪክ አስተማሪ፦ በደንብ! በ1917 ብቻ 911 ስሞች ወጥተዋል። 864ቱ የሜይን ግዛት 27ኛ ሬጅመንት ወታደሮች ናቸው። ሜዳሊያዎቹን የመረመረውን ኮሚቴ የመራው ያው ማይልስ ነው። የውንድድ ኒዎቹን ግን አለፋቸው። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው።

የቀድሞ ወታደር፦ ያኔ ከተሰረዙት አንዷ ሐኪሟ ሜሪ ዎከር ናት። በ1977 ተመለሰላት። ስረዛም ይሳሳታል ማለት ነው።

የታሪክ አስተማሪ፦ ሲሳሳት ይታረማላ! ሰነዱን ማንም አይንካው፣ ቤተ መዛግብት ይቀመጥ፣ ሁሉም ያንብበው። ይነሣ የምለው ክብሩን ነው። ኮንግረስ ራሱ በ1990 ጸጸቱን ገልጿል፤ ተጸጽቶ ሜዳሊያውን ማቆየት እንዴት ይሆናል?

ተማሪዋ፦ እኔም ይሰረዝ ባይ ነኝ፣ ግን በጅምላ አይሁን። አንዱ የተሸለመው የቆሰለ አዛዡን ተሸክሞ ከተኩስ ስላወጣ ነው። እሱ ለብቻው ይታይ።

የቀድሞ ወታደር፦ በአንድ በአንዱ ከሆነስ እሺ። የሚያየው ግን ፖለቲከኛ አይሁን። የላኮታ ሽማግሌዎችም ይቀመጡበት።