የፖስታ ሠራተኞች የትርፍ ሰዓትና የአበል ክርክር፦ እንዴት ይሰላል? የት ይቀርባል?

ማኅበርተኛ
ሰላም ለሁላችሁ። በመንግሥት የልማት ድርጅት ሥር ያሉ የፖስታ ሠራተኞችን የሚመለከት ጥያቄ ነው። ከረጢት ተቀባዮችና ደብዳቤ ለያዮች ሌሊት ይገባሉ፣ አንዳንዴም ከሰዓታቸው በላይ ይቆያሉ። የትርፍ ሰዓት ሲሰላ የመጓጓዣና የበረሃ አበል ከደመወዙ ጋር ይደመራል? ክርክሩስ ለፍርድ ቤት ነው ወይስ ለቦርድ? ወደ ኋላ ተመልሶ የስንት ጊዜ መጠየቅ ይቻላል?

የሥራ ክርክር ጠበቃ
የመጨረሻውን ላስቀድም፤ ሠራተኛው ገንዘቡን የሚያጣው በብዛት እዚያ ላይ ነውና። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ቆጠራው ለየወሩ ለየብቻ ነው። በመስከረም መጨረሻ መከፈል የነበረበት መጋቢት ሲያልቅ ይታገዳል፤ የጥቅምቱ ግን ገና ይጠየቃል።

ለሥራ አስኪያጁ አቤቱታ አስገብቶ መልስ መጠበቅ ይርጋውን አያቋርጠውም። የሚያቋርጠው ጉዳዩን የሥራ ክርክር ለሚወስን አካል ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው ባለሥልጣን ማቅረብ፣ አለዚያም አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ስለዚህ ድርድር ላይ ከሆናችሁ ቃለ ጉባኤ አስይዙ። «ያልተከፈለው የትርፍ ሰዓት እንዲከፈል ተስማምተናል» የሚል የተፈረመበት አንድ መስመር ይበቃል። «ጉዳዩ በመጠናት ላይ ነው» የሚል ደብዳቤ ግን ማኅተም ቢኖረውም መብቱን እንደማመን አይቆጠርም። እባካችሁ በዚህ አትዘናጉ።

አበሉን በተመለከተ፣ አንቀጽ 53 የውሎ፣ የበረሃና የመጓጓዣ አበልን ከደመወዝ ትርጉም ውጪ አድርጓቸዋል። ስሌቱ የሚሠራው በደመወዙ ብቻ ነው፤ የኅብረት ስምምነታችሁ (ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተዋዋለው) የተሻለ ነገር ካልሰጠ በቀር። አበሉ ራሱ ካልተከፈለ ግን ለብቻው ይጠየቃል፤ መሠረቱ የኅብረት ስምምነቱ ወይም የሥራ ውሉ ነው። አበሉን የሚሰጠውን የስምምነቱን ወይም የውሉን አንቀጽ ጠቅሳችሁ ቅጂውን አያይዙ።

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ
ሒሳቡን ልጨምርበት። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ የወር ደመወዙ ለ208 ይካፈላል። 8,320 ብር የሚከፈለው ሰው የሰዓት ደመወዙ 40 ብር ነው ማለት ነው። አንቀጽ 68 ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ማባዣው 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ 2.5 ነው።

ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ምሽት 4 ሰዓት ላይ ነው። መደበኛ 8 ሰዓቱን ማታ 3 ሰዓት ላይ ጨርሶ እስከ ሌሊቱ 6 የቆየ ሠራተኛ አንዱን ሰዓት በ60፣ ሁለቱን በ70 ብር ማግኘት አለበት፤ ድምሩ 200 ብር። ሦስቱንም በ1.5 የሚያባዛ 180 ይከፍለዋል። ትንሽ ትመስላለች፤ በየሳምንቱ ስትደጋገም ግን ሌላ ነው።

ደግሞ ሌሊት መሥራት ብቻውን ትርፍ ሰዓት አይሆንም። ተራው የሌሊት ሆኖ 8 ሰዓቱን ብቻ የሠራ 1.75 አይመለከተውም፤ የሌሊት አበል ካለ ከኅብረት ስምምነቱ ነው የሚመጣው። በዓል ቀን መደበኛ ሰዓቱን የሠራ ደግሞ በ2 እንጂ በ2.5 አይሰላለትም። እነዚህን ሁለቱን ቀላቅሎ መክሰስ ትክክለኛውንም ጥያቄ ያዳክማል።

የሥራ ክርክር ጠበቃ
የት ይቀርባል ለሚለው፣ የከሳሾቹ ብዛት ብቻውን አይወስነውም። አሥራ ሁለት ለያዮች የሠሩበት ሰዓት እንዲከፈላቸው ቢጠይቁ የግል የሥራ ክርክር ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ያየዋል። ሠራተኛው የዳኝነት አይከፍልም። ሕጉ ለውሳኔ 60 ቀን ይሰጣል፤ ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ነው። የገንዘብ ያዦች የጉድለት መጠባበቂያ (ለሚጎድል ገንዘብ መሸፈኛ የሚሰጥ አበል) መጠን ለሁሉም ከፍ ይበል ከሆነ ግን የወል ክርክር ነው፤ ወደ አስማሚ፣ ካልተስማሙም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ክስ አታጣምሯቸው።

ማኅበርተኛ
ተባረኩ። ትርፍ ሰዓት የሚታዘዘው በቃል ቢሆንስ? ሠራተኞቹም በደመወዝ መክፈያው ላይ ሳይቃወሙ ፈርመዋል።

የሥራ ክርክር ጠበቃ
ፊርማው አያስፈራችሁ። ሳይቃወሙ መቀበል ቀሪውን መብት እንደመተው እንደማይቆጠር አዋጁ በግልጽ ይላል። ትእዛዙንና የተሠራውን ሰዓት የመመዝገብ ግዴታም የአሠሪው ነው። የእናንተ ምርጡ ማስረጃ የከረጢት ርክክብ መዝገብ ነው፤ ከረጢቱ የገባበት ሰዓትና የተቀባዩ ፊርማ ካለበት፣ ሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ማን ሥራ ላይ እንደነበር ያሳያል። መዝገቡ በእጃችሁ ስለማይሆን በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ በማን እጅ እንደሚገኝ ጻፉና ከተራ ምደባው፣ ከመውጫ መግቢያ ፊርማውና ከደመወዝ መክፈያው ጋር ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ ጠይቁ። ከክሱ ጋር ቀን፣ የጀመረበትና የጨረሰበት ሰዓት፣ ማባዣ፣ የተከፈለና ቀሪ ብር የሚል ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ለየብቻ ይዘጋጅ። «በግምት በወር 30 ሰዓት» የሚል ጥቅል ቁጥር ለተከሳሹ መከራከሪያ ከመስጠት በቀር አይጠቅምም።